የኤርባግ መብራት አልጠፋ ሲል፦ የአንባቢያን ጥያቄዎችና መልሶቻቸው

በቅርቡ ከድሬዳዋና ከሐረር ከደረሱን ደብዳቤዎች መካከል አራቱ ስለ መኪና ኤርባግ መብራት የሚጠይቁ ሆነው ስላገኘናቸው፣ የዚህን እትም ዓምድ ለእነርሱ ሰጥተናል። የመጀመሪያው ጥያቄ ብዙ የሚያስረዳ በመሆኑ ረዘም ያለ መልስ ሰጥተንበታል።

ጥያቄ (ከድሬዳዋ፣ ሳቢያን)

እ.ኤ.አ. የ2009 ሥሪት ቶዮታ ኮሮላ አለኝ፤ ለሥራ ወደ ሐረር እመላለስበታለሁ። ከጥቂት ወራት በፊት የደንገጎን ጠመዝማዛ ስወጣ የኤርባግ መብራት በራ። በማግስቱ ሞተር ሳስነሳ ጠፍቶ አገኘሁት። እንዲህ ሲበራና ሲጠፋ ሰንብቶ አሁን ጨርሶ አልጠፋ ብሏል። በዚሁ ሰሞን ክላክሱም አመል አውጥቷል፤ መሪው ቀጥ ሲል ይጮኻል፣ ወደ ግራ አዙሬ ስይዘው ግን ዝም ይላል። አንድ ጋራዥ «የኤርባጉ ኮምፒውተር ተቃጥሏል» ብሎ ከባድ ዋጋ ጠራብኝ። ሌላው ደግሞ «መብራቱን ከዘይት መብራቱ ጋር አገናኝተን እናጠፋልሃለን፤ ቦሎ ስታወጣም ማንም አይጠይቅህም» አለኝ። የማንን ልስማ?

መልስ

የሁለቱንም እንዳይሰሙ እንለምንዎታለን። የመጀመሪያው ሳይመረምር ፈርዷል፤ የሁለተኛው ሐሳብ ደግሞ ጥፋቱን እንዳለ ትቶ ምልክቱን ብቻ የሚያፍን ነው። ስለ ክላክሱ የጻፉልን ነገር ከሁለቱም ምክር ይልቅ ጠቃሚ ነው፤ ጥፋቱ የት አካባቢ እንዳለ ከሞላ ጎደል ይጠቁማልና።

ኤርባጉን የሚያዘው ኮምፒውተር ብዙውን ጊዜ ከሾፌሩና ከጋቢናው ወንበር መካከል፣ ከማርሹ ፊት ለፊት ወለሉ ላይ የታሰረ ነው። ቁልፍ በተከፈተ ቁጥር ወደ እያንዳንዱ ኤርባግ፣ በግጭት ጊዜ ቀበቶውን ወደሚያጠብቁት መሳቢያዎችና ከመኪናው አፍንጫ ወዳሉት የግጭት ጠቋሚዎች የሚሄዱትን መስመሮች እጅግ አነስተኛ በሆነ ኤሌክትሪክ ይፈትሻል። በቶዮታ መኪኖች ላይ መብራቱ ለ6 ሰከንድ ያህል በርቶ የሚጠፋው በዚህ ፍተሻ ጊዜ ነው። የአንድ ኤርባግ ማቀጣጠያ (ኤርባጉን በኤሌክትሪክ የሚያስነሣው ክፍል) የሚኖረው ተቃውሞ 2 ኦም አካባቢ ስለሆነ፣ አንድ ሽቦ ሲቆረጥ፣ ሶኬት ሲላላ ወይም ሁለት ሽቦ ሲነካካ ኮምፒውተሩ ልዩነቱን ወዲያው ያውቃል፤ የጥፋቱን ኮድ መዝግቦም መብራቱን ያበራል። ስለዚህ የበራ መብራት አብዛኛውን ጊዜ የሚያመለክተው ኮምፒውተሩ ሥራውን በአግባቡ እየሠራ መሆኑን ነው። ኮምፒውተሩ ራሱ የሚበላሽበት ጊዜ የለም ማለታችን አይደለም፤ በውሃ ምክንያት ወይም ከግጭት በኋላ ይበላሻል። ይሁን እንጂ ኮዱ ሳይነበብ መጀመሪያ የሚጠረጠረው እርሱ መሆን የለበትም።

አሁን ወደ መሪዎ እንመለስ። መሪው ይዞራል፣ ከስሩ ያለው አካል ደግሞ አይዞርም፤ በመሪው መሐል ወዳለው ኤርባግና ወደ ክላክሱ የሚሄደው ኤሌክትሪክ ግን ሳይቋረጥ መድረስ አለበት። ይህን የሚያስችለው ከመሪው ስር የተቀመጠ ክብ የፕላስቲክ ሣጥን ሲሆን፣ ውስጡ እንደ ልብስ ሰፊ ሜትር የተጠቀለለ ስስና ጠፍጣፋ ገመድ አለ። ባለሙያዎች ስፓይራል ኬብል ወይም ክሎክ ስፕሪንግ ይሉታል። መሪው በዞረ ቁጥር ጥቅልሉ ይላላል ወይም ይጠብቃል፤ ከዓመታት በኋላ ገመዱ ከሚታጠፍበት ቦታ ይሰነጠቃል። ስንጥቁ ገና ሲጀምር መሪው በአንድ በኩል ሲዞር መስመሩ ይቋረጣል፣ ሲመለስ ደግሞ ይገናኛል። ክላክስዎ መሪው ቀጥ ሲል የሚጮኸውና ወደ ግራ ሲዞር ዝም የሚለውም፣ የኤርባጉ መብራት መጀመሪያ በደንገጎ መጠምዘዣዎች ላይ የበራውም ከዚህ የተነሣ ሳይሆን አይቀርም። ሁለቱ የተለያዩ ሽቦዎች ቢሆኑም የሚያልፉት በአንድ ጥቅልል ውስጥ ነው።

ጥርጣሬያችንን የሚያጠናክር ሌላ ነገርም አለ። ቶዮታ እ.ኤ.አ. በሚያዝያ 2014 በዓለም ዙሪያ ከ6 ሚሊዮን በላይ መኪኖችን ለጥገና ሲጠራ ከዘረዘራቸው ጉድለቶች አንዱ ይኸው የመሪ ጥቅልል ገመድ ነበር። መሪው ሲዞር ገመዱ ሊጎዳ እንደሚችል፣ ያን ጊዜም መብራቱ እንደሚበራና የሾፌሩ ኤርባግ ሊቋረጥ እንደሚችል ኩባንያው አስታውቋል። በአሜሪካ ገበያ ከተጠሩት መካከል የ2009 እና የ2010 ኮሮላዎች፣ ከ2006 እስከ 2008 የተሠሩ ራቭ ፎሮችም ይገኙባቸዋል። የእርስዎ መኪና ከእነዚህ አንዱ መሆን አለመሆኑ የሚታወቀው በሻንሲ ቁጥሩ ነው፤ ቁጥሩን ይዘው የቶዮታ ወኪል የሆነውን ሞኤንኮን ቢጠይቁ መልካም ነው።

ቀጥሎ የሚያስፈልገው ኮዱን ማስነበብ ነው። በስልክ የሚሠሩት ርካሽ ማንበቢያዎች አብዛኞቹ የሞተር ኮድ ብቻ ስለሚያነቡ «ምንም ጥፋት የለም» ቢሉ አይመኑዋቸው፤ የኤርባግ ክፍልን መክፈት የሚችል ስካነር ያለው ባለሙያ ይፈልጉ። በእርስዎ ዘመን ኮሮላ ላይ ከቢ1800 እስከ ቢ1803 ያሉት ኮዶች የሾፌሩን ኤርባግ መስመር የሚመለከቱ ሲሆን፣ ከእነርሱ ቢ1801 መስመሩ መቋረጡን ያመለክታል። እኛ የምንጠብቀው ይህንኑ ነው። ኮዱ የጋቢናውን ኤርባግ፣ ቀበቶውን ወይም የፊት ጠቋሚዎችን የሚመለከት ሆኖ ከተገኘ ግን ክላክሱና መብራቱ ሁለት የተለያዩ ጥፋቶች ናቸው ማለት ነው፤ ያን ጊዜ ስለ ጥቅልል ገመዱ ያልነውን ትተው ኮዱን ይከተሉ።

ኮዱ መስመሩን ያሳያል እንጂ የትኛው ዕቃ እንደተበላሸ ለይቶ አይናገርም። የቢ1801 መነሻ ኤርባጉ፣ ጥቅልል ገመዱ ወይም ከዚያ ወደ ኮምፒውተሩ የሚሄደው ሽቦ ሊሆን ይችላል። ጥንቁቅ ኤሌክትሪሻን የሚለየው ኤርባጉን ነቅሎ በምትኩ 2 ኦም አካባቢ ተቃውሞ (ሬዚስተር የሚባለውን ትንሽ ዕቃ) በማስገባት ነው። ኮዱ ከተሰረዘ በኋላ ካልተመለሰ ጥፋቱ ኤርባጉ ላይ ነበር፤ ከተመለሰ ግን ጥፋቱ ከኤርባጉ በፊት ባለው መስመር ላይ ነው። ከዚያ በኋላ ጥቅልል ገመዱን ከሁለቱም ጫፎች ነቅሎ፣ መሪውን ቀስ እያሉ እያዞሩ በቴስተር መለካት ይበቃል። መሪው አንድ ቦታ ላይ ሲደርስ ቴስተሩ መስመሩ መቋረጡን ካሳየ ጉዳዩ አለቀ።

እዚህ ላይ አጥብቀን የምናሳስበው ነገር አለ። ቴስተሩ ኤርባጉ ላይ ራሱ በፍጹም መነካት የለበትም፤ ከመለኪያው ባትሪ የሚወጣው አነስተኛ ኤሌክትሪክ እንኳ ማቀጣጠያውን ሊያስነሣው ይችላል። የኤርባግ ሽቦዎች የሚገናኙበት ቢጫ ሶኬት ከመነካቱ በፊት ቁልፉ ተዘግቶ፣ የባትሪው ኔጋቲቭ ተፈትቶ መቆየት ያስፈልጋል። ኮምፒውተሩ ባትሪው በግጭት ቢቆረጥ እንኳ ኤርባጉን የሚከፍትበት የተጠራቀመ ኤሌክትሪክ ስለሚይዝ፣ ቶዮታ ቢያንስ 90 ሰከንድ፣ ሌሎች አምራቾች ደግሞ 3 ደቂቃና ከዚያ በላይ መጠበቅ ግዴታ ነው ይላሉ። እኛ ሁልጊዜ የሚበዛውን ጊዜ እንዲጠብቁ እንመክራለን። የተፈታው ኤርባግ ሾፌሩ የሚያየው የሽፋን ፊቱ ወደ ላይ ሆኖ ይቀመጥ፣ ሲያዝም ፊቱ ከሰውነት ይራቅ። በግምባሩ ተደፍቶ ሳለ ቢፈነዳ ዕቃው ራሱ ወደ ላይ ይወረወራል። ይህን ሲያደርግ የማያዩትን ሠራተኛ መኪናዎን አያስነኩ።

አዲሱ ጥቅልል ገመድ ሲገባ ደግሞ ብዙዎች የሚስቱት አንድ ነገር አለ። የፊት ጎማዎቹ ቀጥ ብለው፣ ጥቅልሉ ወደ ግራ በቀስታ እስኪቆም ከዞረ በኋላ ሁለት ዙር ተኩል ያህል ወደ ቀኝ ተመልሶ፣ ምልክቶቹ ትይዩ ሆነው መግባት አለበት። መሐሉን ሳይይዝ ከገባ መሪው እስከ ጥግ በዞረ ጊዜ ገመዱ ይበጠሳል፤ የከፈሉት ገንዘብም በዚያው ይሄዳል። እግረ መንገዳችንን፣ መኪናዎ ከዚህ በፊት ለሌላ ሥራ መሪው ተፈትቶ ከሆነ የመጀመሪያው ብልሽት ከዚያ የመጣ ሊሆን ስለሚችል ያስታውሱ። ገመዱ በባሕርይው የሚያልቅ ዕቃ ስለሆነ ያገለገለ መግዛትን አንመክርም።

መብራቱን ከዘይት መብራት ጋር ማገናኘትን በተመለከተ፣ በዓመታዊ ምርመራው ቀን ሊጠቅም ይችላል፤ በግጭት ቀን ግን የሾፌሩ ኤርባግ አይከፈትም። የደንገጎ መንገድ ምን ዓይነት እንደሆነ ለእርስዎ መንገር አያስፈልገንም፤ በዚያ ላይ ክላክስ የሌለው መኪና ለሌላውም አደጋ ነው። እስኪጠገን ድረስ መኪናውን የግድ ከነዱ ቀበቶዎን አስረው ይንዱ። ኤርባግ የተሠራው ቀበቶን እንዲያግዝ እንጂ እንዲተካ ስላልሆነ፣ የሚታመንበት ቀዳሚው መከላከያ አሁንም በእጅዎ ነው።

ጥያቄ (ከሐረር፣ ከጀጎል ውጭ)

ያገለገለ መኪና ከገዛሁ ዓመት ሊሆነኝ ነው። የኤርባግ መብራት በርቶ አይቼ ስለማላውቅ ደስ ብሎኝ ነበር። ጎረቤቴ ግን «ጭራሽ አለመብራቱ ነው የሚያስፈራው» ይለኛል። እውነት ነው?

መልስ

ጎረቤትዎ ትክክል ናቸው። መጀመሪያ መኪናው ኤርባግ እንዳለው ያረጋግጡ። በሐረር ጎዳናዎች የምናያቸው የድሮ ፔጆ 404 ታክሲዎች ኤርባግ የላቸውም፣ መብራትም አይጠበቅባቸውም። በመሪው መሐልና ከጋቢናው ፊት ባለው ዳሽቦርድ ላይ «ኤስ አር ኤስ» ወይም «ኤርባግ» የሚል ጽሕፈት ተቀርጾ ካዩ ግን መብራቱ ሊኖር ይገባል።

ከዚያም ጥላ ውስጥ ቆመው፣ ሞተሩን ሳያስነሡ ቁልፉን ብቻ ይክፈቱ። የቀትር ፀሐይ ዳሽቦርዱን ስለሚያደበዝዝ ከምሽት አቅራቢያ ቢያደርጉት ይሻላል። በቁልፍ ሳይሆን በቁልፍ ምትክ በሚጫን ማብሪያ የሚነሣ መኪና ከሆነ ፍሬኑን ሳይረግጡ ሁለት ጊዜ ይጫኑት። ብዙ መብራቶች አብረው ይበራሉ። የኤርባጉ መብራት ከእነርሱ መካከል ከሌለ አምፖሉ ተነቅሏል፣ ተሸፍኗል ወይም ተቃጥሏል። በርቶ ከሆነ ደግሞ ሞተሩን ሳያስነሡ ይጠብቁ፤ ጤነኛው መብራት ከጥቂት ሰከንድ በኋላ በራሱ ይጠፋል፤ የዘይትና የባትሪ መብራቶች ግን ሞተሩ እስኪነሣ ይቆያሉ። የኤርባጉ መብራት ከዘይት መብራት ጋር አብሮ ቆይቶ፣ ሞተሩ ሲነሣ ከእርሱ ጋር አብሮ ከጠፋ አንድ ሰው ሁለቱን አገናኝቷቸዋል ማለት ነው። ይህ ፈተና ምንም ገንዘብ አይጠይቅም፤ መኪና ከመግዛታችሁ በፊት ደላላው ፊት ቆማችሁ እንድታደርጉት ለሁሉም አንባቢዎቻችን አደራ እንላለን።

መብራቱ ፈተናውን ቢያልፍም ልብ የሚባሉ ነገሮች አሉ። ኤርባጉ ተከፍቶ ካለቀ በኋላ በምትኩ ተቃውሞ ብቻ አስገብተው ኮምፒውተሩን የሚያታልሉ ሰዎች አሉ፤ ያን ጊዜ መብራቱ እንደ ጤነኛ ይበራና ይጠፋል። በጋቢናው በኩል ዳሽቦርዱ ላይ የማጣበቂያ ወይም የስፌት ምልክት፣ ከሌላው የዳሽቦርድ ክፍል ቀለሙ የሚለይ የመሪ ሽፋን፣ ሲሳብ የሚንቀረፈፍ ወይም የማይመለስ ቀበቶ ካዩ ይጠርጥሩ። የቀበቶው ጨርቅ ጫፍ ላይ የተሰፋው ምልክት የተመረተበትን ጊዜ ይይዛል፤ ከመኪናው ዘመን ጋር ካልተስማማ ቀበቶው ከግጭት በኋላ ተቀይሯል ማለት ስለሆነ ስለ ኤርባጉም ይጠይቁ።

ጥያቄ (ከድሬዳዋ፣ ከዚራ)

መኪናዬን ላቫጆ ወስጄ ወንበሮቹ ወጥተው ምንጣፉ ታጠበ። ስረከበው የኤርባግ መብራት በርቷል። ላቫጆው «እኛ ምንም አልነካንም» ይላል።

መልስ

ሳይነኩ ወንበር ማውጣት አይቻልም። የጎን ኤርባግ ወይም የመቀመጫ ጠቋሚ ባላቸው መኪኖች ከወንበሩ ስር ቢጫ ሶኬት አለ። ሶኬቱ ተነቅሎ እያለ ቁልፍ ከተከፈተ፣ ለምሳሌ መኪናውን ትንሽ ለማስጠጋት ወይም ሬዲዮ ለመክፈት፣ ኮምፒውተሩ ጥፋት ይመዘግባል፤ በብዙ መኪኖች ሶኬቱ ከተመለሰ በኋላም መብራቱ እስኪሰረዝ ድረስ አይጠፋም። ስለዚህ ቁልፉ ተዘግቶና ባትሪው ተፈትቶ የቆየ መሆኑን አረጋግጠው፣ ሶኬቱ እስከ መጨረሻው ገብቶ መቆለፉን ያዩና ኮዱን በስካነር ያሰርዙ። ብዙውን ጊዜ በዚሁ ያበቃል።

የማያበቃው ውሃ ወደ መሐል ከገባ ነው። ኮምፒውተሩ ወለሉ ላይ እንዳለ ከላይ ተናግረናል። በድሬዳዋ ሙቀት የምንጣፉ ላይኛው ፊት በቶሎ ይደርቃል፤ ከስሩ ያለው ወፍራም ስፖንጅ ግን ውሃውን ለብዙ ቀናት ይይዘዋል። ምንጣፉን ጠርዙ ላይ አንሥተው በእጅዎ ይዳስሱ፤ እርጥብ ከሆነ ሳይደርቅ ኮድ ማሰረዝ ጥቅም የለውም። የደቻቱ ወንዝ ሞልቶ ውሃ የገባባቸው መኪኖችም በዚሁ መንገድ መታየት አለባቸው።

መብራቱ የሚበራው መኪናው ብዙ ቀን ቆሞ ሲነሣ ብቻ ከሆነ ደግሞ መጀመሪያ ባትሪውን ያስለኩ። ኤሌክትሪኩ ሲወርድ በአንዳንድ ቶዮታዎች ላይ መብራቱ ምንም ኮድ ሳይመዘገብ ይበራና ባትሪው ሲሞላ ይጠፋል።

ጥያቄ (ከሐረር)

እ.ኤ.አ. የ2005 ኮሮላ እነዳለሁ። የኤርባግ መብራቱ እናንተ እንደምትሉት በርቶ ይጠፋል። ሆኖም የአንድ የጃፓን ኩባንያ ኤርባጎች ሰው ገድለዋል ሲባል ሰምቻለሁ። መብራቴ ከጠፋ ልስጋ?

መልስ

ይህን በመጠየቅዎ እናመሰግናለን፤ መብራቱ ሊነግረን የማይችለው ነገር ይህ ነውና። የሰሙት ስለ ታካታ ነው። ኤርባግን በጋዝ የሚሞላው የብረት ጣሳ ውስጥ ታካታ አሞኒየም ናይትሬት የተባለ ውሕድ ይጠቀም ነበር። እርጥበት የሚመጥ ነገር ያልተጨመረባቸው ጣሳዎች ለብዙ ዓመታት ሙቀትና እርጥበት ሲፈራረቅባቸው ውሕዱ ይበላሻል፤ በግጭት ጊዜ ከሚገባው በላይ በፍጥነት ይነድና ጣሳው ይፈነጣጠቃል፣ ስብርባሪውም ወደ ተሳፋሪው ይወረወራል። በአሜሪካ ብቻ ከ25 በላይ ሰዎች በዚህ ሞተዋል፤ እዚያው አገር ለቅያሪ የተጠሩት ጣሳዎች ቁጥር ከ60 ሚሊዮን ይበልጣል። ኩባንያው እ.ኤ.አ. በ2017 ኪሣራ አውጇል።

ኮምፒውተሩ የሚፈትሸው የኤሌክትሪክ መስመሩን ነው። የጣሳው ውሕድ ቢበላሽም ሽቦውና ማቀጣጠያው ደህና ከሆኑ መብራቱ በሰዓቱ በርቶ በሰዓቱ ይጠፋል። ስለዚህ የጠፋ መብራት ስለ ታካታ ምንም ማረጋገጫ አይሰጥም። ከ2003 እስከ 2007 የተሠሩ ብዙ ኮሮላዎች በጋቢናው በኩል ላለው ኤርባግ ከተጠሩት መካከል ስለሆኑ የእርስዎ መኪና መመርመር ይገባዋል።

የአካባቢዎ አየር ከጠረፍ ከተሞች ይልቅ ደረቅና ቀዝቃዛ ነው፤ ይህ ጥሩ ነው። ይሁን እንጂ መኪናው ወደ ኢትዮጵያ ከመግባቱ በፊት የት እንደኖረ ማሰብ ያስፈልጋል። ከባሕረ ሰላጤው አገሮች የመጣ ከሆነ ሙቀትና እርጥበት አብረው በሚበረቱበት ጠረፍ ዓመታት አሳልፎ ሊሆን ይችላል፤ የደረሰበት ጉዳት ወደ ሐረር ስለመጣ አይመለስም።

የሻንሲ ቁጥሩን ከሊብሬው ወይም ከመኪናው አካል ላይ ይቅዱ። ባለ 17 ምልክት ከሆነ በአሜሪካ የመንገድ ደህንነት መሥሪያ ቤት ድረ ገጽ ላይ አስገብተው ማየት ይችላሉ፤ ነገር ግን ለአሜሪካ ገበያ ያልተሠራ መኪና እዚያ ባይገኝ «ደህና ነው» ማለት አይደለምና ለሞኤንኮም ያሳዩ። ለጃፓን አገር ውስጥ ገበያ የተሠሩ መኪኖች ቁጥራቸው አጭርና በመሐሉ ሰረዝ ያለበት ስለሆነ የሚጣራው በቶዮታ የጃፓን መዝገብ ነው። ውጤቱ እስኪታወቅ ድረስ ጋቢና የሚቀመጥ ሰው እንዳይኖር፣ ቤተሰብዎም ከኋላ ቀበቶ አስሮ እንዲጓዝ ያድርጉ። ያገለገለ የጋቢና ኤርባግ ከፈረሰ ኮሮላ አስፈትተው እንዳይገዙ፤ ያው ጣሳ በሌላ መኪና ተመልሶ ይመጣብዎታል።